አንገቱን ለደፋ ሰው
በአሜሪካ ፉትቦል እኔን ዘወትር የሚያሳስበኝ ዝነኛው ኳርተርባክ ሳይሆን ስናፐሩ ነው። ኳሷ በእግር የምትመታ ሲሆን ይህ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ እያየ፣ አንዳንዴ 15 ያርድ ያህል ርቆ ለቆመው መቺ ይወረውርለታል። በዚያች ቅጽበት ከፊቱ የተሰለፈውን ግዙፍ ባላጋራ አያየውም፤ አንገቱ የተጋለጠ ነው። የኮሌጆቹ ደንብ ኳሷ ከተለቀቀች በኋላ 1 ሰከንድ ሳያልፍ ተከላካዮች እንዳይገፉት ይከለክላል። የባለሙያዎቹ ሊግም እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ጎል በሚመታበት ጊዜ ራሱን መከላከል ከማይችሉት ተጫዋቾች ጎራ መደበው።

“ጨዋታው ለሰለሰ” የሚሉ አሉ። አልስማማም። አንገቱን ያስደፋው ራሱ ጨዋታው ነው፤ ታዲያ ቀና እስኪል መጠበቅ ምኑ ልስላሴ ነው? ከጉልበተኛው የተጠየቀው እኮ አንዲት ሰከንድ ናት! (ስናፐሩ እንደሆነ ስሙ የሚነሣው ሲሳሳት ብቻ ነው።)