ስፌቱን ከቡናው ጋር

መሶብ በችኮላ አይሰፋም። እናቴና ጎረቤቶቿ ባሕር ዳር በእኛ ግቢ ተቀምጠው ሲሰፉ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ «መቼ ነው የምትጨርሺው?» ተብላ የተጠየቀች ሴት ግን አላስታውስም። ቡናው ሊቆላ ሲል ሁሉም ስፌቷን ይዛ ትመጣለች። አቦል እስኪቀዳ ጥቂት ትሰፋለች። በቶና ወሬው ይደራል፤ እጅ ግን አያርፍም። በረካ ተጠጥቶ ረከቦቱ ሲነሳ ወስፌው እዚያው ስፌቱ ላይ ይሰካል፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አንድ ትልቅ መሶብ እንዲህ እየተባለ ወራት ይፈጃል። ይህን ማንም ጽናት ብሎ አያወድሰውም ነበር። የቡናው ሰዓት ሥራውን ይዞት ይሄዳል።

የስፌት አሠራሩ ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። የሣሩ ጥቅል ከመሃል ተነስቶ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ ይሰፋል፤ እያንዳንዱ ዙር በወስፌ እየተበሳ ከፊተኛው ጋር ይያያዛል። ሸማኔ ድሩን ሳይዘረጋ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሳይገባ ሥራ የለውም። ስፌት ግን የትም ላይ ይቆማል፣ ከቆመበትም ይነሳል። አምስት ደቂቃ ያላት ሴት የአምስት ደቂቃውን ትሰፋለች፤ የሰፋችው አይፈታባትም። ዕለት በዕለት ጥቂት ጥቂት ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ታጋሽ የእጅ ሥራ አላውቅም።

ወቅትም ቦታም ነበረው። ስንደዶ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ይለቀማል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከፊሉም ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ሐረር ጁገል ውስጥ ደግሞ ስፌቶቹ በቆዩት ቤቶች ግድግዳ ላይ ተደርድረው ይሰቀላሉ፤ ልጃገረዶችም በአንድ ቤት እየተሰበሰቡ ሲሰፉ ነው ሙያውን የሚማሩት። የእናቷንና የአያቷን ሥራ ጠዋት ማታ እያየች፣ ከእኩዮቿ ጋር እየሰፋች ያደገች ልጅ ተነሳሽነት ከየት ላምጣ ብላ አትጨነቅም።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግን ስፌት የበዓል ጉዳይ ሆኖብናል። ዕንቁጣጣሽ ሲቃረብ አዳራሽ ተከራይተን እንሰበሰባለን፤ አንዲት እናት ታሳየናለች፣ ሁላችንም በጋለ ስሜት እንጀምራለን፣ ፎቶ እንነሳለን። የተጀመረው ስፌት ቤት ሲደርስ ቁም ሣጥን ይገባል። ይህን የሰው ስንፍና የሚያደርጉትን አልቀበላቸውም። ሁለት ሥራ የምትሠራ፣ ሌሊት ሆስፒታል አድራ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ ሴት ሰነፍ አይደለችም። ሥራው ሰዓቱን አጥቷል፤ ሕመሙ እሱ ነው። ፍላጎቱ በአንድ ቅዳሜ ሊነሳሳ ይችላል፤ ማክሰኞ ማታ እንዲቀጥል ግን የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል።

ይህን በደንብ የተረዳሁት ደቡብ ካሮላይና ሄጄ ነው። ከቻርልስተን ማዶ፣ ማውንት ፕሌዘንት በሚባለው ከተማ፣ አውራ ጎዳና 17 ዳር የጉላ ማኅበረሰብ ሴቶች ትንንሽ የእንጨት መደብ ዘርግተው ስፌት ይሸጣሉ። አሠራሩን ሳይ ደነገጥሁ፤ የእኛው ዙር ነው። ጥቅሉ ስዊትግራስ የሚባል ሣርና የጥድ ቅጠል፣ ማሰሪያው የዘንባባ ቅጠል፣ ወስፌው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተሞርዶ የሾለ የማንኪያ እጀታ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች በአካባቢው የሩዝ እርሻዎች ላይ ሩዝ የሚያበጥሩበትን ሰፌድ ሲሰፉበት የቆየ ሙያ ነው፤ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግዛቱ በ2006 እ.ኤ.አ. የራሱ ይፋዊ የእጅ ሥራ አድርጎ አውጆታል። ከሰፊዎቹ መካከል ሜሪ ጃክሰን በ2008 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ፋውንዴሽንን ሽልማት እስከማግኘት ደርሳለች። እኔን የያዘኝ ግን ሴቶቹ መደቡ ሥር ተቀምጠው ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ መስፋታቸው ነው። ለስፌት ብለው የተለየ ጊዜ አልፈለጉም። ጥበቃው አለ፣ እጃቸውም ባዶ አይውልም። ሰው አገሩንና ቋንቋውን ተነጥቆ እንኳ ሙያውን ለልጅ ልጅ ያስተላለፈው በየቀኑ በሚደገም ነገር ላይ አስደግፎት ነው።

ለእኛ ደግሞ ቡናው አለን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀበና የማይጣድበት ሐበሻ ቤት እዚህ ብዙ አይደለም። ስለዚህ እኔና ጥቂት ጎረቤቶቼ አዳራሹን ትተን ስፌቱን ወደ ረከቦቱ መለስነው። ደንባችን አንድ ነው፤ እጣኑ ሲጨስ ስፌት ይወጣል፣ በረካ ሲያልቅ ይቀመጣል። ማን ምን ያህል ሰፋች ብሎ የሚቆጥር የለም።

ያልጠበቅሁት ነገርም መጣ። አገር ቤት መሶብ ለቤት ይፈለግ ነበር፤ ለሙሽራ፣ ለገበያ። እዚህ ለማንም አያስፈልግም፣ ዕቃው ከሱቅ ይገዛል። ስለዚህ እጃችንን የሚያንቀሳቅሰው ደስታው ብቻ ነው፤ ቀዩ ከአረንጓዴው ቀጥሎ ይግባ ወይስ አንድ ዙር ይቆይ ብሎ መከራከሩ፣ ጥለቱ ከታሰበው በላይ ሲያምር ማየቱ። ወንዶቹም መስፋት ጀምረዋል። የጎረቤቴ ባል ታክሲ ሲነዳ ውሎ መጥቶ ከሁላችንም ጠበቅ አድርጎ ይሰፋል። ባሕር ዳር ግቢያችን ውስጥ ይህን አላየሁም፤ ስደት ከጨመረልን መልካም ነገር አንዱ ነው እላለሁ።

መጀመር ለምትፈልጉ፤ ስንደዶ ከአገር ቤት ለማምጣት ካሰባችሁ አሜሪካ ስትገቡ ማንኛውንም የዕፅዋት ውጤት ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ሊወሰድባችሁም ይችላል። እኛ የምንጠቀመው ከእጅ ሥራ መደብር የሚገዛ ራፊያ ነው። ውኃ ነካ አድርጋችሁ ስትሰፉት ይለዝባል። በመሶብ አትጀምሩ፤ በአንድ መዳፍ የሚያዝ የስኒ ማስቀመጫ ይበቃል። አስቸጋሪው የመሃሉ የመጀመሪያ ቋጠሮ ስለሆነ እሱን የምታውቅ እናት ትጀምርላችሁ፣ ቀሪውን እናንተ ዙሩት።