«ሃያ ደቂቃ አላችሁ»

ፒሳ ከተማ፣ ከዘመመው ግንብ ሥር ስንደርስ አስጎብኚያችን የታጠፈ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ «ሃያ ደቂቃ አላችሁ» አለችን። ከሃያው ውስጥ አሥራ አንዱን ለሽንት ቤት ተሰልፌ ጨረስኩት። በቀረችኝ ጊዜ እንደ ሌላው ሰው እጄን ዘርግቼ፣ ግንቡን የደገፍኩ መስዬ ፎቶ ተነሣሁና ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ። ፎቶው እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። የምሥቅ ይመስላል፤ ልብ ብሎ ላየው ግን አውቶቡስ ሊያመልጠው የደረሰ ሰው ፊት ነው።

ነገሩ የዛሬ አራት ዓመት ነው። ሮም ውስጥ ለጋዜጠኞች የተዘጋጀ አጭር ሥልጠና ጨርሼ፣ ቪዛዬ ላይ ጥቂት ቀናት ስለተረፉኝ የአምስት ቀን የአውቶቡስ ጉብኝት ገዛሁ። ሮም፣ አሲሲ፣ ፍሎረንስ፣ ፒሳ፣ ቬኒስ። በየጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣ ኮሪደር ላይ ይወጣል፣ 1 ሰዓት ላይ መንገድ ይጀመራል። ቬኒስ ስንደርስ የትኛው ቤተክርስቲያን የየትኛው ከተማ እንደነበር ተምታቶብኝ ነበር። ማማረሬ አይደለም፤ አምስት ከተማ ከፈልኩ፣ አምስት ከተማ አሳዩኝ።

ቆይቶ የቆጨኝ ሌላ ነው። የተነሣነው ከሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ነበር። ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ አስጎብኚዋ አልነገረችንም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። የመታሰቢያ ሐውልታቸውም ከዚያው አለፍ ብሎ ቆሟል። እኔ፣ በየጽሑፌ ታሪክ የማጣቅስ ሰው፣ አሉላ ባሸነፏቸው ሰዎች ስም በተሰየመ አደባባይ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ኮርኔቶ እገምጥ ነበር። ከዚያ አውቶቡሱ በሰርከስ ማክሲመስ በኩል ሲዞር የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ 2003 ድረስ የቆመበትን ቦታ በመስኮት አለፍነው። አስጎብኚዋ በዚያች ደቂቃ የምታወራው ጌላቶ የት እንደሚጣፍጥ ነበር።

እሷን አልወቅስም። ከአርባ ምናምን ተሳፋሪ ሀበሻው እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን ከዚያ ወዲህ የጉብኝት ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፤ የሚታየው ሁሉ በዝርዝር ይጻፋል፣ የሚዘለለው የትም አይጻፍም።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ሽቱትጋርት አካባቢ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ስለው ይቆጣል። ያገለገለ ካምፐር ገዝቷል፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት የተገጠመለት ፊያት ዱካቶ። «ና፣ ጣሊያንን በወጉ እንያት» አለኝ። «ፕሮግራም የለም፣ የደከመን ቦታ እናድራለን።»

ፕሮግራም የለም! እስቲ ይህን ለቆንስላ ንገሩ። የሸንገን ቪዛ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ የማደሪያውን፣ የመመለሻውን፣ የባንክ ሒሳቡን ማስረጃና ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ያቀርባል። ስለዚህ እንደ ልቤ ለመንከራተት በመጀመሪያ ቀን በቀን የተሸነሸነ ዕቅድ ማስገባት ነበረብኝ፤ 13 ቀን ጀርመን፣ 10 ቀን ጣሊያን፣ ለእያንዳንዱ ሌሊት የተያዘ የካምፐር ማቆሚያ። የአክስቴ ልጅ የጀርመን ፓስፖርት ይዟል። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ «ዛሬ ወደ ደቡብ እንውረድ» ማለት ይችላል። ፈረንጆች ስለ ዝግታ ጉዞ ሲጽፉ የሰው ጠባይ አድርገው ነው፤ የታገሠ፣ የሰከነ ሰው ያደርገዋል ይላሉ። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ማህተም ይጠይቃል፣ ትዕግሥቱም የሚያልቀው ወረፋው ላይ ነው።

ካምፐሩ በራሱ ሰውን አያዘገይም፣ ይህንንም ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እንደ እብድ ነዳን። ብሬነርን ተሻገርን፣ ቬሮናን በግማሽ ቀን አየን፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ለነዋሪ ብቻ በተፈቀደ መንገድ ገብተን ካሜራ ያዘን (ቅጣቱ ከወራት በኋላ ሽቱትጋርት ድረስ በፖስታ መጥቷል)። ሥራውም ቀላል አይደለም። ንጹሕ ውሃ መሙላት፣ የእጣቢ ውሃ መድፋት፣ ጎማ ሥር ሽብልቅ ማስገባት፣ ጋዙን ማየት። የሽንት ቤቱን ሳጥን የማፍሰስ ተራ ሁልጊዜ የእኔ ሆነ፤ «እኔ እየነዳሁ ነው» ይላል። የናፍጣውን ዋጋ ካልኩ ደግሞ ካምፐር ርካሽ ነው የሚለውን ተረት አፈርሳለሁ።

ያዘገየን ወገቡ ነው። ትራሲሜኖ ሐይቅ ዳር ቆመን ሳለ የአክስቴ ልጅ ወገቡን ያዘውና ሁለት ቀን ተኛ። እኔ መንዳት አልችልም፣ የት እሄዳለሁ? ዳቦ ቤት ሄድኩ። በማግሥቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ጠዋት ሴትዮዋ ሳልጠይቃት ያንኑ ዳቦ ጠቅልላ ጠበቀችኝ። በአምስቱ ቀን ጉብኝት ከገንዘብ ተቀባይና ከአስተናጋጅ በስተቀር የጣሊያን ሰው አላናገርኩም ነበር።

በቡድን መጓዝን ለማጣጣል ግን አፌ አይደፍርም። እናቴ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የተሳለመችው ከተጓዥ ማኅበር ጋር ነው። ቋንቋ አታውቅም፣ ጉልበቷን ያማታል፤ ብቻዋን አትሞክረውም። ዴር ሱልጣን የደረሰችው አብረዋት በተሳፈሩት ሴቶች ትከሻ ተደግፋ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ እየዘመሩ፣ ስንቅ እየተካፈሉ፣ አንዷ ስትዘገይ ሌሎቹ እየጠበቁ። እነዚያ ሴቶች ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር ይደዋወላሉ። የእኛ የፒሳ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች በአምስተኛውም ቀን ስም አልተዋወቅንም። እዚህ አገርም ላሊበላ ጠዋት በአውሮፕላን ደርሰው አሥራ አንዱን ቤተክርስቲያን በአንድ ቀን የሚጨርሱ ቱሪስቶችን አይቻለሁ፤ ጫማቸውን አውልቀው መልሰው እስኪያስሩ የሚያጠፉት ጊዜ ውስጥ ካለው ሥዕል ፊት ከሚቆሙት ይበልጣል።

ከትራሲሜኖ በኋላ አፊሌ እንሂድ አልኩ። ከሮም በስተምሥራቅ ተራራ ላይ ያለች፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ሮዶልፎ ግራዚያኒ የተቀበረው እዚያ ነው። በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. መታሰቢያ ተሠርቶለት ሲመረቅ በአገር ውስጥም በውጭም ያለን ኢትዮጵያውያን ምን ያህል እንደተቆጣን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከመድረሴ በፊት ጽሑፉን በጭንቅላቴ ጨርሼው ነበር። ርዕሱ ሳይቀር ተመርጧል። የሚያስፈልገኝ አንድ ሰዓት፣ ሦስት ፎቶ፣ ከተቻለ አንድ የሚያናድድ ጥቅስ ነበር። አስጎብኚዋን ስተች ኖሬ፣ እኔም የራሴን ጃንጥላ ከፍ አድርጌ ነው የሄድኩት።

መታሰቢያው መናፈሻ ውስጥ የተቀመጠ የድንጋይ ሳጥን ነው። ግድግዳው ላይ በጣሊያንኛ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። ተዘግቶ ነበር፣ ሰውም አልነበረም። ሦስቱን ፎቶ አነሣሁ። በየካቲት 12 ቀን 1929 እና በተከታዮቹ ቀናት አዲስ አበባ ላይ ያለቀው ሕዝብ የኢትዮጵያ መንግሥት በቆጠረው 30 ሺህ ነው፤ ይህቺ ከተማ ሃያ ጊዜ ማለት ነው። ይህን እያሰላሁ «በቃ፣ እንሂድ» ብል የአክስቴ ልጅ እንቢ አለ። ሲመሽ በተራራ መንገድ አይነዳም፤ የሾፌር ሕጉ ነው። ከከተማዋ ጫፍ አቁመን ለማደር ተስማማን።

እሱ ጀበና ሳይዝ የትም አይሄድም። ከካምፐሩ ደጃፍ ቡና መቁላት ጀመረ። ጭሱ ሲነሣ ሰማኒያውን ያለፉ የሚመስሉ፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ቀስ እያሉ መጡና ቆመው አዩን። ከየት እንደሆንን ጠየቁ። የአክስቴ ልጅ ነገራቸው። ትንሽ ዝም ብለው «አባቴ እዚያ ነበር» አሉ። ወንበር ሰጠናቸው። ቡናው ቀጠነባቸው፣ ግን ቶናውን ጠጡ። በተሰባበረ ጣሊያንኛና በስልክ አስተርጓሚ ስለ ወይራ ፍሬ፣ ከተማዋን ጥለው ስለሄዱት ልጆች፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩን። ስለ መታሰቢያው ብጠይቃቸው እጃቸውን በአየር ላይ ወርወር አደረጉት። መደገፍ ይሁን መጥላት አልገባኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ሽብልቁን ልናነሣ ስንል ተመልሰው መጡ፤ ፖስታ ይዘዋል። ውስጡ ጠርዙ የተበላ ፎቶ። ሦስት ወጣት ወታደሮች አንድ ሕንፃ ፊት ለፊት ቆመዋል። ሕንፃውን ለማወቅ ሁለት ሰከንድ አልፈጀብኝም፤ ስምንት ማዕዘኑ የአራዳ ጊዮርጊስ ነው፣ በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ፋሺስቶቹ እሳት የለቀቁበት ቤተክርስቲያን። ፎቶውን ገለበጥኩት። በእርሳስ «አዲስ አበባ 1937» ተብሏል። ወር የለውም።

«አሁንም አለ?» አሉኝ ቤተክርስቲያኑን በጣታቸው እየነኩ። አለ አልኳቸው፤ እናቴ የምትሳለመው ደብር ነው። ደስ አላቸው። እኔ ግን ዓይኔ ከመካከለኛው ልጅ ፊት አልነሣ አለ። ጆሮው ትልልቅ ነው፣ ልክ እንደ ሽማግሌው። «አባትዎ አዲስ አበባ የገቡት በየትኛው ወር ነው?» የሚለውን ስልኩ ላይ ጻፍኩ፤ ለመጫን ጊዜ ወሰደብኝ። የአክስቴ ልጅ «ተወው» አለኝ በአማርኛ። ተጫንኩት።

ሽማግሌው ድምፁን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልነገረኝም» አሉ። ቆይተው ደግሞ «አልጠየቅኩትም» አሉ።

ፎቶውን በስልኬ እንዳነሣው ፈቀዱልኝ፣ ራሳቸው ብርሃን ወዳለበት አዙረው ያዙልኝ። ከዚያ ፖስታው ውስጥ መልሰው አስገቡት። ሞተሩ ሲነሣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መንገዱ ዳር ቆመው ነበር።

በጭንቅላቴ የጨረስኩትን ጽሑፍ አልጻፍኩትም። ወደ ሱቢያኮ ስንወርድ ብዙ አላወራንም። የቅዱስ ቤኔዲክት ዋሻ ያለበት ገዳም ከገደሉ ላይ ተለጥፎ ይታይ ነበር፤ እኛ ግን መጀመሪያ የእጣቢ ውሃ የሚደፋበት ቦታ እንፈልግ ነበር፣ ሳጥኑም ሞልቷል፣ ተራው ደግሞ የእኔ ነው።