ጃን ሜዳና የጎበጠው ዱላ

አንባቢ ሆይ፤ ከስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ተነሥተው ፊትዎን ወደ ምሥራቅ አቅንተው ጥቂት ደቂቃ በእግርዎ ቢጓዙ፥ የከተማው ግንብ ገለል ይልና ሰፊ ሜዳ ይቀበልዎታል። ይህ ጃን ሜዳ ነው። «ጃን» የሚለው ቃል «ጃንሆይ» በሚለው ውስጥ እንደምናገኘው ከንጉሥ ክብር ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ስሙ የንጉሥ ሜዳ እንደ ማለት ነው። ዛሬ ግን ሜዳው የሁሉ ሆኗል። በማለዳ ቢመጡ ሯጮች ጤዛውን እየረገጡ ሲዞሩት ያያሉ፤ ስሙን ከዚሁ ሜዳ የወሰደ የአገር አቋራጭ ውድድርም አለ። ጥር 10 ቀን ደግሞ ታቦታት ከየደብራቸው ወጥተው በዚህ ያድራሉ። የጥምቀት በዓላችን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገባ ወዲህ፥ የሜዳው ስም ባሕር ማዶ ባሉ ሰዎችም ዘንድ ታውቋል።

ይሁን እንጂ ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ከጥምቀት ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ በዚሁ ሜዳ ስለሚታየው ነገር፥ ስለ ገና ጨዋታ ነው።

እንደሚያውቁት ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ በ28 ይሆናል። በዓሉና ጨዋታው ስማቸው አንድ ነው። አባቶች ሲናገሩ፥ የጌታ ልደት በተበሠረ ጊዜ በቤተ ልሔም የነበሩ እረኞች ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር እየመቱ ተጫወቱ፤ ጨዋታውም ከዚያ ወረደ ይላሉ። የውጭ አገር ሰዎች ሲያዩት ሆኪ ይሉታል። መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሆኪ በየወገኑ አሥራ አንድ ተጫዋች፥ የተሠመረ ሜዳና ፊሽካ የያዘ ዳኛ ይፈልጋል። የመንደር ገና ከእነዚህ አንዱንም አይፈልግም። ላይ ሠፈርና ታች ሠፈር ለሁለት ይከፈላሉ፤ ሃያም ይምጡ መቶ፥ ግድ የለም። ሩሯን ከባላጋራው ወሰን ያሳለፈ ወገን አገባ ይባላል። ጀምበር ስትጠልቅ ጨዋታው ያበቃል፤ ሌላ ሰዓት ቆጣሪ የለውም።

እኔ የተወለድሁት መንዝ ነው። በዚያ አገር የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጧት ሣሩ ከእግር በታች ይንኰሻኰሻል። ገብሱ ታጭዶና ተከምሮ ማሳው ባዶውን ሲቀር፥ ለእኛ ለእረኞቹ ልጆች የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይመጣል። ቃርሚያው ለበጎች ግጦሽ፥ ለእኛም ሜዳ ነው። ዱላ ፍለጋው ግን ከዚያ አስቀድሞ፥ ገና የነቢያት ጾም ሳይገባ ይጀመራል። የሚፈለገው ጫፉን ተፈጥሮ ያጎበጠው የወይራ ወይም የቀጋ እንጨት ነው። ተገኝቶ ሲቆረጥ ልጡ ይላጣል፥ በፍም ላይ ይገላበጣል፥ ቅቤ ቢጤም ይቀባል። አጎቴ ይህን ሲያስተምረኝ፥ «ቀጥ ያለውን አስገድደህ ብታጎብጠው በመጀመሪያው ምት ይሰበርብሃል፤ ጎብጦ ያደገውን ፈልግ» ይለኝ ነበር።

ሩሯ ደግሞ ከጠንካራ ሥር ተጠርባ ትድቦለቦላለች፤ አንዳንድ ሰው ከጠፍር ገምዶ ይሠራታል። ጥንግ የሚሏትም አሉ። በብርድ ጧት የእንጨት ሩር ቅልጥምዎን ብታገኝዎ፥ ወንድነት የት እንደ ሄደ አያውቁም! እኔ ታናሽ ስለ ነበርሁ ብዙውን ጊዜ የምመደበው ከኋላ፥ ወሰን ጠባቂ ሆኜ ነው። ከዚያ ቆሜ የተማርሁት ነገር ዛሬም ይጠቅመኛል፤ በዱላ ጫካ መካከል ሩሯን በዓይን መከተል አይቻልምና፥ የሰዎቹን ትከሻ መመልከት ያስፈልጋል። ትከሻ ወደ ዞረበት ሩሯ ትመጣለች።

ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው ግን የሰዎቹን መደባለቅ ነው። ጥንት በዚህ ቀን ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢያገኘው ጌታው አይቆጣም ነበር ይባላል። እኔ ሎሌና ጌታ አልደረሰብኝም፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ በአለንጋ ሲያስፈራራን የነበረ መምህራችን፥ ከአንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ቅልጥሙን ተመትቶ እያነከሰ ሲስቅ አይቻለሁ። የቀበሌው ሹምና የቀበሌው ከሳሽ በአንድ ወገን ተሰልፈው ሲሮጡም አይቻለሁ። ማታ ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ በየደጁ ሲዞር ዳቦና ጠላ ይቀርብለታል፤ የተሸነፈው ደግሞ ስለ ሩጫው፥ ስለ ጎተራው፥ አልፎ አልፎም ስለ አማቱ በግጥም ይሰደባል። በማግሥቱ ስድቡን ያስታወሰ ሰው እንደ ነውረኛ ይቈጠራል። አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ በመሥሪያ ቤትዎ ከዋና ክፍል ሹሙ ጋራ እንዲህ ያለ አንድ ቀን ቢኖርዎ፥ የቀሩት ቀናት ምን ያህል ይቀሉ ነበር?

ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጥቼ ስድስት ኪሎ በገባሁ ጊዜ፥ ጃን ሜዳ ጎረቤቴ ሆነ። በዚያ የሚታየው ገና የከተማ ገና ነው፤ ማልያ የለበሱ ወጣቶች፥ የፈረስ ጉግስ፥ ብዙ ተመልካችና ፎቶ አንሺ ይገኙበታል። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገና፥ ለትግል፥ ለገበጣና ለሌሎቹም ጨዋታዎች የጽሑፍ ደንብ አውጥቶ ውድድር ያካሂዳል። አንዳንድ የአገሬ ሰዎች ይህን አይወዱትም፤ «ዳኛ ያለበት ገና ምን ገና ነው?» ይላሉ። እኔ በከፊል እስማማለሁ። ደንቡ ሲጻፍ የሰው ቍጥር ይወሰናልና፥ እንደ እኔ ያለ ከኋላ የሚቆም ሕፃን ቦታ ያጣል። ነገር ግን ያልተጻፈ ጨዋታ የሚኖረው ታላቅ ለታናሽ በእጅ ሲያስተላልፈው ብቻ ነው። ታላቁ ከተማ ገብቶ ታናሹ በመንደር ከቀረ፥ ማን ያስተምረዋል?

ሜዳውም ቢሆን ዋስትና እንዳለው አድርገን ማየት አይገባንም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ፥ ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ሰው እንዳይጨናነቅ ተብሎ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ምክንያቱ የሰው ሕይወት ስለ ነበረ ነቀፋ የለኝም። ሆኖም ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ስመለስ ያየሁትን አልዘነጋውም፤ ሯጮች በሚዞሩበት መሬት ላይ የጭነት መኪና ጎማ ጭቃውን አቡክቶታል፥ የበሰበሰ ቲማቲምና የሽንኩርት ልጣጭ ተከምሯል። ገበያው ከ2013 ዓ.ም. ጥምቀት አስቀድሞ ተነሣ፤ ሜዳውን ለማጽዳትም ብዙ ሰው ወጣ። በዚያን ጊዜ የተረዳሁት፥ አንድ ሰፊ ሜዳ ባዶ መስሎ ስለሚታይ ሁልጊዜ ለአንድ ነገር እንደሚታጭ ነው። ጃን ሜዳን የሚጠብቅለት ታቦቱ አለ። ያለ ታቦት የቀሩትን የየሠፈሩን ሜዳዎች የሚጠብቃቸው ግን በእነርሱ ላይ የሚጫወት ልጅ ብቻ ነው።

አሁን እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የእንግሊዝን የኳስ ቡድን ተጫዋቾች ከነተጠባባቂዎቻቸው ይቈጥራሉ፤ ይህ አይከፋኝም፥ እኔም አያለሁ። የሚከፋኝ አብዛኞቹ የገና ዱላ በእጃቸው ይዘው አለማወቃቸው ነው። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ዱላ ወደ ክፍል ይዤ ገባሁ። በመጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያም ከኋላ ወንበር የተቀመጠ፥ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ፥ በቅርቡ ከገጠር የመጣ ልጅ ተነሥቶ፥ «መምህር፥ አያያዝዎ ለግራ ምት ነው፤ ለቀኝ እንዲህ ነው» ብሎ ከእጄ ተቀበለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ ከኋላ ወንበር አልተቀመጠም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በሚመጣው ገና ወደ ጃን ሜዳ ብቅ ይበሉ። ሲያዩ ከወሰኑ በስተ ኋላ አይቁሙ፤ ሩር ዓይን የላትም። በጎን በኩል ሽማግሌዎች ከተሰበሰቡበት አጠገብ ቢቆሙ፥ ከጨዋታው የማያንስ ጨዋታ ከአፋቸው ይሰማሉ። ትውልድዎ ገጠር ከሆነና ለበዓሉ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ፥ ለታናናሾችዎ ከሚይዙት ስጦታ ጋራ ግማሽ ቀን ይጨምሩላቸው፤ ወደ ወንዝ ዳር ይዘዋቸው ይውረዱና ጎብጦ ያደገ እንጨት አብረው ይፈልጉ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገው የሠላ ገጀራና የሚያሳይ ታላቅ ብቻ ነው።