ቡና የቱ ነው?

የእኅቴ ልጅ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ፊደል ማስቆጠር ጀመርሁ። በሁለት ወር ውስጥ 33ቱን ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ 231ዱን ሆሄ፣ እንደ ዜማ አወረደው፤ እናቱ እልል አለች፤ እኔም ኮራሁ። ዳሩ ግን አንድ ቀን ሌላውን በእጄ ሸፍኜ ቡን ብቻ በስንደዶ ባሳየው ዝም አለ፤ ቆይቶም ከሀ ጀምሮ ይቆጥር ገባ። ተቆጣሁት፤ አለቀሰ። የያዘው ፊደሉን ሳይሆን ዜማውን መሆኑን ያስተዋልሁት ከተቆጣሁት በኋላ ነው።

የኔታዎች ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት ስለዚህ ነው፤ ተራው ሲለወጥ በቃል ብቻ የያዘው ይታወቃልና። የእኔ ሕፃን ግን ለአቡጊዳ ገና ነበረ። ገበታውን አኑሬ ጆሮውን ላስተምር ቈረጥሁ።

«ቡና ስትል አፍህ አስቀድሞ ምን ይላል?» ብዬ ብጠይቀው «ቡ» አለ። ቡችላስ? «ቡ!» በግስ? ጥቂት አሰበና «በ» አለ፤ ወዲያውም ከንፈሩን ገጥሞ እየከፈተ በጣቱ ዳሰሰና «ሁለቱም ከዚህ ይወጣሉ» አለኝ። ይህን እኔ አላስተማርሁትም። ሐሙስ ላይ ስንደርስ ግን ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለጆሮ አንድ ሆነው ተቸገርን፤ እርሱን የሚፈርደው ዓይን ነውና ለኋላ ተውሁት።

ማታ ቡን ለብቻው ጽፌ አሳየሁት። በማግሥቱ ገበታውን አውጥቼ፣ ስንደዶውን ሳላነሣ፣ «ቡና በየትኛው ይጀምራል?» አልሁት። ጣቱ ጥቂት ተንከራትቶ ቡ ላይ ዐረፈ፤ ከዚያም እቆጣው እንደ ሆነ ለማወቅ ቀና ብሎ ፊቴን ተመለከተ።