«ለዘር ነው ለወጥ?»

የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሾላ ገበያ ዶሮ ተራ ገባሁ። ጓሮዬ ውስጥ ስምንት ሴት ዶሮዎች አሉኝ፤ ገሚሶቹ ሐበሻ፣ ገሚሶቹ ፈረንጅ። አውራ ግን የለም። ዓምና በፋሲካ ዋዜማ ድርብ ኩክኒውን ብቻ አይቼ የገዛሁት ቀይ አውራ ፈንግል ይዞብኝ ገባና እሱም ሞተ፣ አምስት ዶሮዎቼንም ጨረሰብኝ።

ዘንድሮም ዓይኔ ቀይ ቀዩን ሲያማትር አንዲት እናት «ልጄ፣ ለዘር ነው ለወጥ?» አሉኝ። ለካ ዋናው ጥያቄ ይኼ ኖሯል! ለወጥ ከሆነ ክብደቱንና ላባውን አይቶ መግዛት ነው። ለዘር ግን ዓይኑ የጠራ፣ ሲተነፍስ የማያንኮራፋ፣ የእግሩ ቅርፊት ያልሻከረ መሆን አለበት። ከእግሩ ኋላ ያለው ሹል ከረዘመ አርጅቷል ማለት ነው።

እሳቸው ገብስ በተን ሲያደርጉ አንዱ ገብስማ እግሩ ታስሮ እንኳ፣ ሳይበላ ሴቶቹን ጠራ። እሱን ገዛሁ።

«እቤቴ ያደገ አውራ እያለኝ ለምን እገዛለሁ?» የምትሉ ካላችሁ፣ ያ አውራ የሚያገኘው እህቶቹን ነው፤ ዘሩ እየደከመ ይሄዳል። ለስምንት እስከ አሥር ሴት አንድ አውራ ይበቃል። በበዓል ዋዜማ አትግዙ፤ ግፊያው በሽታ ያዛምታል። ያሉትን ዶሮዎች የፈንግል ክትባት አስከትቡ፣ አዲሱን ደግሞ ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩት።

የእኔው ገብስማ ዛሬ አሥራ አምስተኛ ቀኑ ነው። አላነጠሰም፣ አልተኮራመተም። በሩን ልከፍትለት ነው፤ እጄ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይንቀጠቀጣል።