ያየ ያሳይ

በሰፈራችን የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ ቀለበት የተሰቀለው በ1985 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ቦታው ቀበና፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ የነበረው የቀበሌ ሜዳ። ቀለበቱን ከግንባታ በተረፈ ፌሮ የሠሩልን በርና መስኮት የሚበይዱ ጎረቤታችን ናቸው። ሰሌዳው ጣውላ፣ ምሰሶው የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር። መረብ የሚባል ነገር አልነበረውም።

ያስተከሉት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ በሕይወት ሳሉም ስማቸው ሲነሣ የሚወዱ ሰው አልነበሩም። የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ኳሱን የተማሩት በልጅነታቸው አራት ኪሎ፣ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወወክማ) ግቢ ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ገብቶ ሲሮጡ ማምሸት ለእሳቸው ዘመን ልጆች ምን ማለት እንደነበር ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ማኅበሩ ተዘጋ፤ እሳቸውም አደጉ፣ መምህር ሆኑ፣ ትዳር ያዙ። «እኔን ያስተማረኝ ሰው አምስት ሳንቲም አልጠየቀኝም፤ ዕዳው አለብኝ» ይሉ ነበር። እኛ ያን ጊዜ ነገሩ አይገባንም። የገባን ሜዳው ላይ አዲስ ነገር መቆሙ ብቻ ነው።

ቀለበቱ የተሰቀለ ዕለት ልጅ ሁሉ ተሰብስቧል። ሕጉ ከመሬት እስከ ቀለበቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ይላል። ባለብየዳው የብረት ሜትራቸውን ይዘው ሥራ ወጥተው ስለነበር፣ ልብስ ሰፊው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ሜትር ይዘው መጡ። እሱ ደግሞ 150 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ግንዱ መሬት ላይ እንደተጋደመ ሁለት ጊዜ ዘረጉት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ጨመሩ፣ በከሰል ምልክት አደረጉ፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባውን ደግሞ ለብቻው ቆጠሩ።

«ለልጆቹ ትንሽ ዝቅ ቢል አይሻልም መምህር?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ለትንንሾቹ ሌላ እንሠራላቸዋለን። ይሄ ግን እንደ ሕጉ ይሁን፤ ነገ ሌላ ሜዳ ሄደው ሲጫወቱ እንዳይደናገራቸው።»

ሌላ ሜዳ! ከእኛ መሀል ኳሱን በወጉ የያዘ አንድም ልጅ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ሌላ ሰፈር ሄደን የምንጋጠምበትን ቀን ከወዲሁ አስበውታል። ለትንንሾቹ የተባለውም በሚቀጥለው ዓመት በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ በ2 ሜትር ከ60 ከፍታ ተሰቀለ።

የመጀመሪያውን ሰሞን የተጫወትነው በእግር ኳስ ነው። የቅርጫት ኳሱን ጋሼ ከየት እንዳመጡት ዛሬም አላውቅም፤ ጉጦቹ ተልገው የለሰለሰ፣ ወዙ ያለቀ፣ በየሦስት ቀኑ ጎሚስታ ቤት እየሄደ የሚነፋ ኳስ ነበር። የለበስነው ያገኘነውን ነው። ሸራ ጫማ ያለው ሸራ፣ ኮንጎ ያለው ኮንጎ፤ በረባሶ አድርጎ ከሁላችን የሚፈጥን ልጅም ነበረን። መስመሩ በኖራ ይሰመራል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ በማግስቱ እንደገና ይሰመራል።

ክረምት ነውና ዝናቡ ይጥላል፤ ሲጥል አዳራሹ ክፈፍ ሥር ተደርድረን እንቆማለን። ጋሼ ታሪክ የሚነግሩን ያኔ ነው። የቅርጫት ኳስን አጀማመር የሰማሁትም እዚያ ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ፣ አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ በሚባል ከተማ፣ በወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት፣ ጄምስ ኔስሚዝ የሚባል የካናዳ ተወላጅ የስፖርት መምህር ብርድ ከቤት አላስወጣ ያላቸው ተማሪዎች ተሰጡት። ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት በአዳራሹ ሰገነት ላይ ሰቀለ፣ 13 ሕግ ጻፈ፣ ልጆቹን ዘጠኝ በዘጠኝ ከፍሎ አጫወታቸው። የተጫወቱትም በእግር ኳስ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 0 አለቀ፤ ቅርጫቱ ቂጥ ስለነበረው ኳስ በገባ ቁጥር መሰላል ላይ ወጥቶ የሚያወርድ ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህን ሲሉን የእኛ ኳስ እግር ኳስ መሆኑ ማሳፈሩ ቀረ። «ቅርጫቱን ከጭንቅላት በላይ የሰቀለው ለምን መሰላችሁ? ጉልበት እንዳይበቃ ነው» ይሉናል። «በኃይል የወረወረ አያገባም። የለካ ነው የሚያገባ።»

አወራወሩን ያስተማሩኝ ከቀለበቱ ሁለት እርምጃ ላይ አቁመው ነው። ኳሱን በጣቶቼ ጫፍ አስያዙኝ፤ በመዳፌና በኳሱ መሀል ጣታቸውን አሳልፈው ክፍተት መኖሩን አረጋገጡ። ክርኔን ወደ ጎኔ ሰበሰቡት። «ኳሱ 24 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቀለበቱ 45። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰፊ ነው፤ አትፍሪው። ከለቀቅሽው በኋላ እጅሽ አይውረድ፣ እላይ ይቆይ።» ወረወርኩ፤ ገባ። መረብ ስለሌለው ድምፅ አልነበረውም፤ ኳሱ ቀለበቱን ሳይነካ አልፎ ጭቃው ላይ ጧ ሲል ብቻ ተሰማ። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ጨዋታ አላማረኝም።

ችግሩ ቤት ነበር። ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር ሜዳ መዋሏን እናቴ አልወደደችውም፤ «ይበቃሻል» ተባልኩና ቀረሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ቤታችን መጡ። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር።

«ይግቡ መምህር፤ ምነው በደኅና?»

«በደኅና ነው እትዬ። ልጅዎን ላስፈቅድ ነው የመጣሁት።»

እናቴ መልስ ሳትሰጥ አቦሉን ቀዳች። እሳቸውም አላጣደፏትም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ተጫወቱ። ቶናው ላይ ሲደርስ ነው እሷ ራሷ ያነሣችው። «ሴት ልጅ በቁምጣ ስትሯሯጥ ጎረቤት ምን ይላል?»

«በረዥም ሱሪ ትጫወት። ጎረቤትም መጥቶ ይይ፤ እርስዎም ይምጡ። ደግሞ ኳሱን የሚያስቀምጥልን የታመነ ቤት እየፈለግን ነበር፤ እርስዎ ጋ ቢያድርልን?»

እናቴ በረካው ተጠጥቶ ሳያልቅ እሺ አለች። ኳሱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማደሪያው የእሷ አልጋ ሥር ሆነ። ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች፤ ጠዋት የሚወስደውን ልጅ ስም ትይዛለች፤ ጭቃ አስይዞ የመለሰውን ትቆጣለች። ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ ሜዳው ዳር ትቀመጥና ቆሎ ታድላለች። ከእሷ በኋላ ሌሎች እናቶች መጡ፤ እናቶቹ ሲመጡ ሴት ልጆቻቸው መጡ። ሴቶች በዚህ ጨዋታ እንግዳ እንዳልሆኑ ያወቅሁት አድጌ ሳነብ ነው። ኔስሚዝ ቅርጫቱን በሰቀለ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1892 እ.ኤ.አ.፣ ሴንዳ ቤረንሰን የምትባል መምህርት እዚያው አቅራቢያ ስሚዝ ኮሌጅ ውስጥ ለሴት ተማሪዎቿ አስተምራዋለች። ጋሼ ይህን ያውቁ እንደሆን ጠይቄያቸው ቢሆን ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሰፈሩ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ነገር ተጀምሯል፤ የእግር ኳስ ቡድን፣ የቴያትር ክበብ፣ የማርሻል አርት ሥልጠና። አብዛኛው የጀመረው ሰው ሲደክመው ወይም ሰፈር ሲለቅ አብሮ ቆሟል። የእኛ ያልቆመው በአንድ ሕግ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ሕጉ «ያየ ያሳይ» የሚል ነው። በሳምንቱ አዲስ ነገር የተማረ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ከእሱ ለሚያንስ ልጅ ያንኑ ያሳያል፤ ያላሳየ ከሰዓት በኋላ አይሰለፍም። የፈለገ ጎበዝ ይሁን፣ አይሰለፍም። አንድ ጊዜ ከሁላችን የተሻለው ልጅ ጠዋት ቀርቶ ከሌላ ሰፈር ጋር የነበረን ግጥሚያ ላይ ዳር ተቀመጠ፤ ተሸነፍን። ቅር ያላለው አልነበረም። ጋሼ ግን ንቅንቅ አላሉም።

እኔ የደረሰችኝ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። በግራ እጅ ማንጠር እንዳሳያት ተባልኩ፤ እኔው ራሴ የተማርኩት ረቡዕ ነው። ቀኝ እጇን ከኋላ ኪሷ ውስጥ ከተትኩላት፤ ዓይኗን ኳሱ ላይ ስትተክል ጣቶቼን ከፊቷ አነሣና «ስንት ነው?» እላታለሁ። እሷ ጣት ስትቆጥር ኳሱ ያመልጣታል፣ ታመጣዋለች፣ እንደገና እንጀምራለን። እያሳየኋት የእኔ ግራ እጅ ተፍታታ። ጋሼ ሕጉን ያወጡት ለታናናሾቹ ብቻ ብለው እንዳልነበር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ያቺ ልጅ በኋላ ለሌሎች አሳየች፤ እነሱም ለሌሎች። አሥር የማንሞላ ልጆች የጀመርነው ነገር በየክረምቱ ሲሰፋ፣ አሠልጣኝ አጥቶ አያውቅም ነበር፤ አሠልጣኞቹ ሜዳው ላይ ይወለዱ ነበርና።

ጊዜውም አገዘን። ቀለበቱ ከተሰቀለበት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አጥልቃ ሰፈሩ በእልልታ ቀልጦ ነበር። በማግስቱ በዚያው ኦሎምፒክ እነ ማይክል ጆርዳን፣ እነ ማጂክ ጆንሰን የነበሩበት የአሜሪካ ቡድን ክሮኤሽያን 117 ለ 85 አሸንፎ ወርቅ መውሰዱን ያን ቀን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ሁለት ዓመት ቆይቶ የዚያ ጨዋታ የቪዲዮ ካሴት ከአሜሪካ በመጣ ሰው እጅ ሰፈር ሲገባ ግን ካሴቱ እስኪሳሳ አየነው። ካሴቱ ላይ ካየነው ከጆርዳን ይልቅ ግን በወሬ የሰማነው የሌጎሱ ልጅ ሐኪም ኦላጁዎን ልባችንን ወሰደው። ኳሱን የጀመረው በአፍላ ዕድሜው፣ ከእጅ ኳስና ከእግር ኳስ በኋላ ነው፤ በ1994 እና በ1995 እ.ኤ.አ. ሂዩስተን ሮኬትስን ለሁለት ተከታታይ ዋንጫ አበቃ። «ዘግይቶ ጀመረ» የሚለው ወሬ ዘግይተው ለመጡት ልጆች ከማንኛውም ምክር በላይ ሠራ።

ሜዳው ሲሚንቶ የለበሰው በደቦ ነው። አሸዋውንና ጠጠሩን አንድ ጎረቤት በመኪናቸው አመላለሱ፤ ሲሚንቶው በመዋጮ ተገዛ፤ ውኃው ከየቤቱ በባልዲ መጣ። ሊሾው ሲስተካከል ሽማግሌ ሳይቀር ሱሪውን ሰብስቦ ገብቷል። የመጀመሪያውን የሰፈሮች ውድድር ስናዘጋጅ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሰጠን እድሩ ነው። ለሐዘን የሚወጣው ድንኳን ለልጆች ጨዋታ ሲተከል አንዳንድ አዛውንት ቢያጉረመርሙም፣ የእድሩ ዳኛ «ልጆቹስ የእድሩ አይደሉም ወይ?» ብለው ነገሩን ዘጉት። መዝገብ የያዘው የባንክ ሠራተኛ፣ ቁስል ያጠበችው ነርስ፣ ያጫወተው የመረብ ኳስ ዳኛ፤ ደሞዝ የወሰደ የለም።

ያ ሜዳ ዛሬ የለም። ለግንባታ ተፈለገ ተባለና አንድ ጠዋት ታጠረ። ልጆቹ ለተወሰነ ጊዜ መንገድ ላይ፣ ከዚያ የአንድ ድርጅት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተጫወቱ። መጨረሻ ላይ በአቅራቢያው ያለ አንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ቅዳሜና እሑድ በሩ እንዲከፈት ፈቀዱ፤ ዘበኛው ቁልፉን ይዘው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጠብቃሉ። እዚያ ሁለት ሙሉ ሜዳ አለ፣ መረብ አለ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከዋሽንግተን የሰፈሩ ልጆች የነበሩ ሰዎች አየሩን አስወጥተው በሻንጣ የሚያመጧቸው ኳሶች አሉ። አሠልጣኟ ያቺ ጣት ስታስቆጥረኝ... አይደለም፣ እኔ ጣት የማስቆጥራት ልጅ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። ሕጉ ግን ያው ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ያላሳየ ከሰዓት አይሰለፍም።

በከተማችን ቅዳሜና እሑድ ተቆልፈው የሚውሉ ብዙ የትምህርት ቤት ሜዳዎች አሉ፤ ቅርጫታቸው ቆሞ፣ መስመራቸው ተሰምሮ፣ ከአጥሩ ውጭ ልጆች ድንጋይ አቁመው ይጫወታሉ። ርዕሰ መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴዎች፣ ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ከገባ እባካችሁ በሩን ክፈቱላቸው። አንድ ጊዜ ኳሱን የተማራችሁም፣ የትም ብትሆኑ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሁለት ሰዓት ጊዜ አታጡምና ሂዱና አሳዩአቸው።