«መክሊትሽን አትቅበሪ» አልኳት

ባለፈው ክረምት፣ አዲስ አበባ ሥዕል የምትማር አንዲት እህታችን ለዕረፍት ወደ ጋምቤላ መጣች። ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ። በትምህርት ክፍላችን ግድግዳ ላይ የኖኅን መርከብ የሣለችው እሷ ናት። ለቀለምና ለሸራ መግዣ ምእመናን ሲያዋጡላት አስተባባሪው እኔ ነበርኩ።

አንድ ማታ ከጸሎት በኋላ ጠበቀችኝ። «መምህር፣ ብሩሽ ሳነሣ ልቤ አብሮኝ አይሆንም። የሚስበኝ ድምፅ ነው። ሙዚቃ ልማር እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ሳላስብበት፣ «መክሊትሽን አትቅበሪ! ይህ ሁሉ ሰው ያዋጣልሽን ረሳሽው?» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሄደች። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ሙቀቱ ብቻ አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ «አንድ ቤት አብረውኝ ይምጡ» አለችኝ። የሄድነው ባለቤታቸው ወደ ሞቱባቸው አንዲት እናት ቤት ነበር። ሟቹ በሰፈሩ የሚታወቁት በቶም ነው። ቶም የአኙዋኮች የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ በእንጨት ሣጥን ላይ ቀጫጭን ብረቶች ይደረደሩበታል፣ በሁለት እጅ ተይዞም በአውራ ጣት ይመታል። ረጅሙ ብረት ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል።

ግድግዳው ላይ እሷ የሣለቻቸው የሽማግሌው ምስል ተሰቅሏል። የግንባራቸው መስመር እንኳ አልቀረም። እማማ ሥዕሉን እያዩ መረቋት። ቀጥላ ስልኳን ከፈተች። ለሥዕሉ በተቀመጡላቸው ቀናት ሲመቱ፣ አስፈቅዳ ቀድታቸው ኖሯል።

እማማ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይተው ሣቁ። በአኙዋክኛ የተናገሩትን ልጅቷ ተረጎመችልኝ፦ «ይሄንን የሚመታው ሲያኮርፈኝ ነበር። መታረቅ ፈልጎ አፉ እምቢ ሲለው።» ከዚያ አለቀሱ። ሥዕሉ መልካቸውን ጠብቋል፤ ኩርፊያቸውንና ዕርቃቸውን የያዘው ግን ድምፁ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ማቴዎስ 25ን ከፈትኩ። ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ጌታው መክሊቱን ሲሰጥ በምን እንደሚነግዱበት ለባሪያዎቹ አልነገራቸውም። አንዱን መክሊት የቀበረው ደግሞ ስለ ፈራ እንደ ሆነ ራሱ ተናግሯል። የፈራሁት እኔ ነበርኩ። «ላዋጡት ሰዎች ምን እላለሁ?» የሚለውን ጭንቀቴን በጥቅስ ሸፍኜ እሷ ላይ ጫንኩት።

መንገድ የቀየረች የመጀመሪያዋም አይደለችም። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር፤ ሠዓሊ ሆኑ። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄም ምህንድስና ይማራል ተብሎ ዌልስ ተልኮ ሙዚቃን መረጠ፤ ኢትዮ ጃዝንም ሰጠን። ሁለቱም ግን በምኞት ብቻ አልደረሱም። አፈወርቅ ለንደን ሥዕል ተማሩ፤ ሙላቱም ለንደንና ቦስተን ተቀምጦ ሙዚቃ አጠና።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ካዋጡት ጋርም አገናኘኋት። አንድ አባት፣ «ታዲያ ገንዘባችን ባከነ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። እሷም፣ «አባባ፣ ያንን ፊት ቁጭ ብዬ ባላጠናው ኖሮ ቶሙን አልሰማውም ነበር። ዝም ብሎ መቀመጥን ያስተማረኝ ሥዕል ነው» አለች። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይሁንታ ይሁን ትዝብት እስካሁን አላወቅሁም።

የያዘችውን ዓመት ጨርሳ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ልትቀመጥ ተስማምተናል። ታልፍ ይሆን? እንጸልያለን፤ እሷም ትለማመዳለች።

ወጣቶች ሆይ፣ ጸጋችሁን ስትመረምሩ የሚመክራችሁን ስሙ፤ መካሪም ይፈራልና ምክሩን መርምሩ። እኛ መምህራን ደግሞ ጥቅስ ከመጥቀሳችን በፊት እስኪ መጀመሪያ እናዳምጥ።